ውሻዎ ሲጠፋ፦ ቺፕ ወይስ እረኛ?

«ዶክተር፣ ቺፕ ካስገባሁለት ውሻዬን በስልኬ አገኘዋለሁ?» ይሉኛል መካነ ሰላም ላይ። አያገኙትም። በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክለው ቺፕ ባትሪ የለውም፤ ማንበቢያ ሲጠጋው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፣ በቃ። ቁጥሩ ከስልክ ቁጥርዎ ጋር ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። ጆሮ ላይ የሚነቀሰው ቁጥርም ያው ነው፤ ጭራሽ ይደበዝዛል። (ወደ አውሮፓ ለሚወስዱት ግን ቺፑ ግዴታ ነው፤ ከእብድ ውሻ ክትባቱ ቀድሞ ይገባል።)

እዚህ የሚያዋጣው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያና የቅርብ ጊዜ ፎቶ ነው። የፍለጋ ቡድኑ እረኞችና ገበያተኞች ናቸው፤ «የግራ ጆሮው ቆራጣ፣ እግሩ ነጭ» ብለው ይንገሯቸው። ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ከዘለቀ ለጥበቃዎቹ ያሳውቁ፤ ያልተከተበ ውሻ ለቀይ ቀበሮዎቹ በሽታ ያስተላልፋል። ተነክሶ ከተመለሰም ቁስሉን በባዶ እጅ አይንኩ፤ መጀመሪያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይደውሉ።