«ይሰማሻል?» ተብለን ስንጠየቅ፤ ስለ ሽንት ፊኛ ስሜት ምርመራ

በዚህ እትም ብዙዎቻችን ለመናገር ስለምናፍርበት ጉዳይ እንጽፍላችኋለን፤ ይኸውም ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ ስለሚደረገው የሽንት ፊኛ ምርመራ ነው።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 እንደገለጸው፣ ከጥር 2007 ወዲህ በሊባኖስ ከሞቱት ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መካከል 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአሠሪ ቤት ለማምለጥ ሲሞክሩ። ይህ ቁጥር የሞቱትን ብቻ ይናገራል። ነፍሳቸው ተርፎ አከርካሪያቸው የተጎዳ እህቶችም አሉ። በሆስፒታል የምትጠይቋቸውና የምታስታምሟቸው እናንተ ስለሆናችሁ ነገሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ፊኛ ሲሞላ መልእክቱ በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሄዳል። «ሽንቴ መጣ» የምንለው ያን ጊዜ ነው። ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፊኛው ሞልቶ ሳለ ታማሚዋ ምንም አይሰማትም። የሞላው ፊኛ ግፊት ሽንቱን ወደ ኩላሊት ሊመልሰው ይችላል። ቀደም ባሉት ዘመናት አከርካሪያቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች የሞቱት በኩላሊት መድከም ነበር። ስለዚህ አለመታመም ደህና መሆን አይደለም። ሽንት የሚንጠባጠብባትም ፊኛዋ ከመጠን በላይ ሞልቶ ይሆናልና፣ ውሃ መጠጣት ማቆም መፍትሔ አይሆንም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ፊኛው ባዶ ከተደረገ በኋላ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ የሆድን ግፊት ለመለካት ደግሞ ሌላ ቀጭን ቱቦ ብዙ ጊዜ በፊንጢጣ በኩል ይደረጋል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ፊኛ ይፈስሳል። ሐኪሙም ይጠይቃል፦ መሙላቱ መጀመሪያ የተሰማሽ መቼ ነው? ሽንትሽ የመጣውስ? መያዝ ያቃተሽስ? በጤነኛ ሰው የመጀመሪያው ስሜት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ሲገባ ይመጣል፤ ከ400 እስከ 600 ሲደርስ መያዝ ያስቸግራል።

ግፊቱን መሣሪያው ይለካል፤ ስሜቱ ግን የሚታወቀው ከታማሚዋ ቃል ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አስተርጓሚዋ መዳሟ ከሆነች፣ እህታችን በእፍረት ወይም «አይሰማኝም ካልኩ ወደ አገሬ ይመልሱኛል» በሚል ፍርሃት «አይዋ» ትላለች። ሐኪሙም ነርቩ ደህና ነው ብሎ ሊገምት ይችላል፤ ጉዳቱ በኩላሊቷ ላይ ይወድቃል። ፍርሃታችሁን እንረዳለን፤ ቢሆንም እውነቱን ተናገሩ። የሚቻል ከሆነ አማርኛና ዓረብኛ የምታውቅ እህት አብራችሁ ትግባ። ካልተገኘች ይህችን ያዙ፦ «ዓም ሒስ» ይሰማኛል፣ «ማ ዓም ሒስ» አይሰማኝም፣ «ማ ፊዪ ባወል» መሽናት አልቻልኩም።

ስሜት የለም ከተባለ ተስፋ አይቆረጥም። ታማሚዋ ስሜትን ሳይሆን ሰዓትን እየተከተለች፣ ብዙ ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሰዓት፣ በንጹሕ ቱቦ ራሷ ፊኛዋን ባዶ ማድረግ ትማራለች። በዚህ መንገድ ዕድሜ ልካቸውን በሰላም የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ከምርመራው በኋላ ጥቂት ማቃጠል ያለ ነው፤ ትኩሳት ከመጣ ግን ወደ ሐኪም ተመለሱ።

ሦስት ነገር አትርሱ። የወደቀች እህት ስታገኙ አታንቀሳቅሷት፤ ለሊባኖስ ቀይ መስቀል በ140 ደውሉ። ከወደቃችሁ ወይም ከባድ ዕቃ አንስታችሁ ወገባችሁን ካመማችሁ በኋላ በእግራችሁ መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ሳታድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። አንገቷ ወይም የላይኛው ጀርባዋ የተጎዳ እህት ድንገት ብርቱ ራስ ምታትና ላብ ከመጣባት፣ ፊኛዋ ሞልቶ የደም ግፊቷ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ሐኪምም በፍጥነት ጥሩ።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የፌስቱላ ሆስፒታል፣ ሽንታቸው እየፈሰሰ ከሰው ተገልለው የኖሩ እናቶቻችንን ያክማል። ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት እህት ነውር የለባትም። በቤታችሁ፣ በጓደኞቻችሁ መካከል እንዲህ ያለች ብትኖር አትሽሿት፤ ወደ ሐኪምም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይዛችኋት ኑ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቃችሁ።