የባልደረባን በረራ ሲቀበሉ

መቼም በሥራ ዓለም የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ነርስም ይሁን የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንድ ቀን «እባክሽ የነገውን ተራዬን ያዥልኝ» ሳይል ወይም ሳይባል አይቀርም። ልጅ ያተኩሰዋል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሞግዚቷ ሳትናገር ውልቅ ትላለች። ታዲያ ይህ ልመና በአውሮፕላን አብራሪዎች ዘንድ ሲቀርብ ምን ዓይነት ወግ እንዳለው አስበው ያውቃሉ? እርስዎ ተሳፍረው ቀበቶዎን ሲያስሩ፣ ከፊት የተቀመጠው ካፒቴን የሌላ ሰው በረራ የተቀበለ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሙያ የሁለት ሰዎች መግባባት ብቻውን አይበቃም። የቦይንግ 737 አብራሪ የቦይንግ 787 አብራሪ ጓደኛውን ተራ ልሸፍን ቢል አይሆንለትም፤ ፈቃዱ በአውሮፕላኑ ዓይነት ነውና። የበረራ ፕሮግራም የሚያወጣው ክፍልም የተቀባዩን የሥራና የዕረፍት ሰዓት ደምሮና ቀንሶ መፍቀድ አለበት። ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ በ28 ቀናት ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ አይበርም፤ ከሥራ በፊትም 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጠ የእንቅልፍ ጊዜ እንዲሆን ይገደዳል። ስለዚህ ልበ ደግ የሆነ ሁሉ ተራ መቀበል አይችልም።

ደንቡ ይህ ነው። ከደንቡ ሥር ግን ያልተጻፈ ጨዋነት አለ፤ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች የሚቀርበውም እርሱ ይመስለኛል።

ተራውን የሚሰጥ ሰው የበረራውን ክፉና ደጉን መደበቅ የለበትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከአልጋ የሚያስነሳ፣ ሁለት ሌሊት ከቤት ውጭ የሚያሳድር ከሆነ «ቀላል ናት» ብሎ ማስረከብ ጓደኛን ማታለል ነው። የቤቱን ጉዳይ መናገር ግን ግዴታው አይደለም። ተቀባዩም «ምን ገጥሞሽ ነው?» እያለ አይመረምርም፤ ይልቁንም የሰማውን ይዞ በሠራተኞች ክፍል «እርሷ እኮ ዛሬም ቀረች» እያለ አያወራም። በአገራችን ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪዎቹ እስከ አስተናጋጆቹ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ወደ ባንኮክ ተጉዟል። እናቶች በዚህ ሙያ ውስጥ አሉና ይህ ወሬ ቀላል አይደለም። ወንድ ተራ ሲለምን «ጉዳይ ገጥሞት ነው» ተብሎ ሲታለፍ፣ እናት ስትለምን «ድሮስ ልጅ ያላት ሴት!» የሚባለውን በየመሥሪያ ቤቱ ሰምተነው የለ?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን «አልችልም» ማለት ነው። ጓደኛዋ ስትለምናት ያልተኛች፣ ጉንፋን የጀመራት፣ በቤቷ ነገር ልቧ የተከፈለ አብራሪ «አዝናለሁ፣ አልችልም» ብላ ስልኩን መዝጋት አለባት። ለማኟም መቀየም የለባትም። ይሉኝታ በእኛ ባሕል ትልቅ ነገር ነው፤ ከመሪው ጀርባ ሲቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ራሱ የታመመ ሰው ደግሞ ጓደኛውን ከመለመን ይልቅ መታመሙን በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ቢያስታውቅ ይሻላል፤ ተጠባባቂ አብራሪ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ስልክ የሚጠብቀው ለዚሁ ነው።

በየካቲት 2001 ዓ.ም. ከኒዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ፣ ተሳፍረው የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብለዋል። ሆኖም ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመግባት ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረች ነበረች፤ ጉንፋንም ይዟት ነበር። ከመነሳታቸው በፊት የተቀዳው ጭውውት እንደሚያስረዳው፣ ቤቷ ሳለች እንዲህ ቢሰማት ኖሮ እንደማትመጣ፣ አሁን ታምሜአለሁ ብትል ግን በራሷ ወጪ ሆቴል መግባት እንደሚኖርባት ተናግራለች። ድካም የሁለቱን አብራሪዎች ሥራ ሳይጎዳ እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ገልጸዋል፤ ምን ያህል እንደጎዳ ግን በእርግጠኝነት መወሰን አልቻሉም። ከላይ የጠቀስኩት የዕረፍት ደንብ ከዚህ አደጋ በኋላ ተረቅቆ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በዚሁ ደንብ እያንዳንዱ አብራሪ ለሥራው ብቁ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ያቺ የሆቴል ሒሳብ ናት። ተራን ማስረከብ ገንዘብ የሚያስከፍል ወይም የሚያሳፍር ሲሆን ሰው ታምሞም ይሠራል።

በረራውን የተቀበለ ሰው እንግዳ መሆኑን አይረሳም። የሚጠብቁት ሌላ ሰው ነበርና ራሱን ለረዳቱና ለአስተናጋጆቹ ያስተዋውቃል። የአየሩን ሁኔታ፣ የነዳጁን መጠን፣ የአውሮፕላኑን የብልሽት መዝገብ ገና እንደ አዲስ ያነባል፤ «ጓደኛዬ አይታዋለች» ብሎ አይዘልም። በረራው ቢዘገይ፣ ዝናብ ቢያቆየው «እርሷ ናት በዚህ የጣለችኝ» አይልም።

ስለ ውለታ ብዙ አልልም። ምሳ መጋበዝ ደግ ነው፤ የፋሲካን በረራ ለሸፈነ ግን መልሱ የገና ወይም የመስቀል በረራ እንጂ የተራ ማክሰኞ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቤተሰብን ነው። የበረራ ሰው ቤት ግድግዳው ላይ ፕሮግራም ይለጠፋል፤ ልጆቹ እርሱን እያዩ «እማዬ ሐሙስ ትመጣለች» ይላሉ። ተራ ሲለወጥ ወረቀቱም መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ አውሮፕላን ሲዘገይ ወይም ክፉ ወሬ ሲሰማ፣ አብራሪዋ ገበያ ወጥታ ሳለ ባሏ ስልክ እየደወለ ይጨነቃል፤ የተቀባዩ ሚስት ደግሞ ባሏ በአየር ላይ መሆኑን እንኳ ሳታውቅ ራት ታቀርባለች። ስለዚህ ጨዋ አብራሪ «እሺ» ከማለቱ በፊት ከቤቱ ይመክራል፤ ሌላዋም ስሟ ከፕሮግራሙ ተሰርዞ የእርሱ መግባቱን የሚያረጋግጥላት ስልክ እስኪደወል ድረስ፣ የታመመ ልጇ አጠገብ ሆናም ቢሆን የደንብ ልብሷን ተኩሳ ትሰቅላለች።