የትራንዛክሽን ሎግ ለምን ይከማቻል? ሲከማችስ ምን እናድርግ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምኖርበት በፉሪ ያለ አንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር እርዳታ ጠየቀኝ። የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ በስህተት ቁጥር 9002 አዲስ ግብይት መመዝገብ አቁሞ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ሲፈትሽ የመረጃው ፋይል 6 ጊጋባይት፣ የሎጉ ፋይል ግን 180 ጊጋባይት ሆኖ አገኘው። «ሎግ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሰርቪሱን አቆመና ፋይሉን አጠፋው። ቦታ ተገኘ፤ ዳታቤዙ ግን አልከፈት አለ። በእጅ የነበረው የመጨረሻ መጠባበቂያ ቅጂ የ9 ቀን ዕድሜ ነበረው። የእነዚያ ቀናት ተቀማጭ በካርቦን ከተባዙ ደረሰኞች እንደገና ተመዘገበ። ደረሰኛቸው ያልተገኘ አንድ አዛውንት ግን የገዛ ገንዘባቸውን ለማስረዳት ምስክር መጥራት ግድ ሆነባቸው።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ሎግ ቆሻሻ አይደለም፤ ከልክ በላይ ማደጉም ራሱ በሽታው ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው።

ዳታቤዝ ማንኛውንም ለውጥ አስቀድሞ በሎጉ ይጽፋል፤ በዲስክ ላይ ያለውን የመረጃ ገጽ የሚያድሰው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ሎጉን አንብቦ የተጠናቀቀውን ግብይት ይደግማል፤ ያልተጠናቀቀውን ይሽራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው ጂም ግሬይ ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ምሁራን አንዱ ነው።

የመዝገብን ዋጋ በአገራችንም አይተናል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ወስደው ነበር። ባንኩ ማን ምን እንደወሰደ ለይቶ ለመጠየቅ የቻለው እያንዳንዱ ግብይት ተመዝግቦ ስለቆየ ነው። ያ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ የእኛው ሎግ ደግሞ ከሥሩ ያለ፣ ዳታቤዙ ለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁት ያንኑ እምነት ነው።

ስሙ ያሳሳተው የፉሪውን ወጣት ብቻ አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ እትሙ «ፒጂ ኤክስሎግ» ይባል የነበረውን ማኅደር «ፒጂ ዋል» ብሎ ሰየመው፤ ሰዎች «ሎግ» የሚለውን ቃል እያዩ ይሰርዙት ነበርና።

ታዲያ ለምን ይከማቻል? ሎግን መጨረሻው ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ እንደሚመለስ ደብተር አስቡት። የፊተኛው ገጽ ካልተለቀቀ ሌላ ገጽ መቀጠል ግድ ነው። ገጹን የሚይዙት በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ ያልተወሰደ የሎግ መጠባበቂያ፣ ሳይዘጋ የቆየ ግብይት፣ ወደ ኋላ የቀረ ወይም የተረሳ ተባዥ ሰርቨር። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ» የተባለው ዓምድ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት እንጠይቀው።

መልሱ «ሎግ ባክአፕ» ከሆነ የሎጉን መጠባበቂያ እንውሰድ። «አክቲቭ ትራንዛክሽን» ከሆነ የተንጠለጠለውን ግብይት ፈልገን ከባለቤቱ ጋር እንወስን። ዲስኩ ፈጽሞ ከሞላ ለጊዜው በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ የሎግ ፋይል መጨመር ይቻላል። ፋይሉን ማሳነስ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ እሱም መንስኤው ከተወገደ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ። ሥርዓቱን ወደ «ሲምፕል» የማገገሚያ ስልት መቀየር ሎጉን ያስለቅቃል፤ ነገር ግን የመጠባበቂያውን ሰንሰለት ይበጥሳል። ወደ «ፉል» ስንመለስ ወዲያው አዲስ ሙሉ ቅጂ ካልወሰድን እንደተጠበቅን እየመሰለን ሳንጠበቅ እንቀራለን።

የማኅበሩ ችግርም ይኸው ነበር። ዳታቤዙ በ«ፉል» ስልት ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ሙሉ ቅጂ ይወሰድለታል፤ የሎጉ መጠባበቂያ ግን አንድም ቀን አልተወሰደም። ሙሉ ቅጂ ብቻውን ሎግን እንደማያስለቅቅ የነገራቸው አልነበረም። በየ30 ደቂቃው የሎግ መጠባበቂያ ቢወሰድና በሌላ ዲስክ ቢቀመጥ ኖሮ ዲስኩ ባልሞላ፤ ሌላ አደጋ ቢደርስ እንኳ የሚጠፋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ በሆነ ነበር።

ወጣቱን አልወቅሰውም። ሠንጠረዥ መፍጠርና መጠየቅ አስተምረነዋል፤ መዝገብ መጠበቅን ግን አላስተማርነውም። ጉድለቱ የእኛ የመምህራን ነው፤ የዛሬው ገለጻዬም የዚያ ዕዳ ክፍያ መጀመሪያ ይሁንልኝ።