የጥንት ሕግ የዛሬን ጠመንጃ ሲዳኝ

ባለፈው ሳምንት «ዋስ» የሚለውን ቃል ጽፈን አንብበናል። ቃሉ አጭር ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ። ዛሬ ይኸው ቃል በአሜሪካ አገር በአንድ ትልቅ የጠመንጃ ክርክር ውስጥ እንዴት እንደ ገባ እንነግራችኋለን። እዚህ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ሕገ መንግሥት አላት። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ አባት ነው፤ ሌላው ሕግ ሁሉ ለእርሱ ይታዘዛል። በ1791 አንድ አንቀጽ ተጨመረበት። አንቀጹ የሕዝብ መሣሪያ የመያዝ መብት አይነካም ይላል። ያን ጊዜ የነበረው ጠመንጃ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር፤ አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላት ይደርስበታል። የዛሬውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ካዝናው 30 ጥይት የሚይዝ አለ።

መሣሪያው ተለወጠ፤ አንቀጹ ግን ያው ነው። ታዲያ ዛሬ መንግሥት «እገሌ መሣሪያ አይያዝ» ብሎ ሕግ ቢያወጣ፣ ሕጉ ከአንቀጹ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም? ይህን የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። የመጨረሻው ቃል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ9ኙ ዳኞች ነው።

በ2022 ከኒውዮርክ አንድ ጉዳይ ወደ እነርሱ መጣ። እዚያ ከ100 ዓመት በላይ የኖረ ሕግ ነበር። ሽጉጥ ደብቆ ከቤት ውጭ መያዝ የፈለገ ሰው፣ ከሌላው ሰው የተለየ ሥጋት እንዳለበት ማስረዳት ነበረበት። 6 ዳኞች ሕጉን ሻሩት፤ 3ቱ ተቃወሙ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። የመሣሪያ ሕግ እንዲጸና፣ መንግሥት ሕጉ ከአገሪቱ የቆየ ልማድ ጋር መስማማቱን ያሳይ አሉ። ሕጉ የሰው ነፍስ ያድናል ማለት ብቻ አይበቃም።

እንግዲህ ጠበቃው ሁሉ አቧራ የጠጣ መዝገብ ማገላበጥ ሆነ ሥራው። ክርክሩ በእንግሊዝ አገር በ1328 እስከ ወጣ ሕግ ድረስ ወደ ኋላ ሄዷል። አንዱ ፍርድ ቤት «ይመስላል» ሲል ሌላው «አይመስልም» ይላል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ «አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይጨርሱት ነበር?» ይሉ የለም ወይ?

አሁን ወደ አንዲት ሴት ጉዳይ እንምጣ። በ2019 ቴክሳስ በሚባለው ክፍለ አገር አንድ ሰው ከልጁ እናት ጋር ተጣላ። ልትሄድ ስትል ይዞ እየጎተተ መኪናው ውስጥ ከተታት። ሰው እንዳየው ባወቀ ጊዜ ሽጉጥ አወጣ። እርሷ አመለጠች፤ እሱም ተኮሰ። ኋላም ደውሎ ለሰው ብትናገሪ እተኩስብሻለሁ አላት። እርሷ ግን ዝም አላለችም። በ2020 ፍርድ ቤት ሰውዬው እንዳይቀርባት አዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያለበት አስጊ ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ ደግሞ በ1994 የወጣ ሕግ ይከለክላል። በኋላ ፖሊሶች ቤቱን ሲፈትሹ ሽጉጥና ጠመንጃ አገኙ። ተከሰሰ።

በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት የ1994ቱን ሕግ ሻረው። ለምን ቢባል፣ ጥንት እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረማ!

እውነት ነው፤ በ1791 ሚስቱን ያስፈራራ ባል ጠመንጃውን ይፍታ የሚል ሕግ አልተጻፈም። ግን ያን ጊዜ ሕጉን የሚጽፈው ማን ነበር? ከሕግ አውጪዎቹ መካከል ሴት አልነበረችም። በባርነት የተያዙት ጥቁሮችም አልነበሩም፤ እንዲያውም እነርሱ መሣሪያ እንዳይይዙ የሚከለክሉ ሕጎች ነበሩ። እኛ ስናስበው ያልተጻፈ ነገር ሁሉ «አባቶች ከልክለውታል» ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ወደ 9ኙ ዳኞች ደረሰ። በ2024 8ቱ ሕጉ ይጽና አሉ። ፍርዱን የጻፉት የዳኞቹ ሰብሳቢ ጆን ሮበርትስ ናቸው። «ዋስ» የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥንት አንድ ሰው «እገሌ ጉዳት ያደርስብኛል» ብሎ ቢያመለክት፣ ዳኛው ያንን ሰው ዋስ ጥራ ይለው ነበር። ሚስትም ባሏን ዋስ ልታስጠራ ትችል ነበር። ዋስ ያጣ ይታሰራል፤ ዋስ ጠርቶ ሰላም ያደፈረሰ የዋስትናው ገንዘብ ይወረስበታል። ሌላም ሕግ ነበር፤ መሣሪያ ታጥቆ ሕዝብ የሚያሸብር ሰው ይታሰራል፤ መሣሪያውንም ይነጠቃል። ሮበርትስ ሁለቱን አንድ ላይ አዩና፣ ለሰው ነፍስ የሚያሰጋን ሰው ለጊዜው መሣሪያ ማስፈታት ከልማዱ ጋር ይስማማል አሉ። የዛሬው ሕግ ለጥንቱ መንታ ወንድም መሆን የለበትም፤ ሐሳቡ ከተስማማ ይበቃል።

ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ማን ይመስሏችኋል? የ2022ቱን ፍርድ የጻፉት ክላረንስ ቶማስ እኮ ናቸው! ዋስ የጠራ ሰው ጠመንጃው ከእጁ አይወጣም ነበር፤ ታዲያ ከዛሬው ሕግ ጋር በምን ይመሳሰላል? ነው ክርክራቸው። ይህም ቢሆን ሐሰት አይደለም፤ የጥንቱ ሰው ዋሱን ጠርቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።