ቲሲፒ ወይስ ዩዲፒ?

«ቲሲፒ አስተማማኝ ነው፣ ዩዲፒ ፈጣን ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አባባሉ ስህተት ባይሆንም ለምርጫ አይበቃም ባይ ነኝ።

ቲሲፒ ከግቢያችን ስንወጣ ሜክሲኮ እንደምናየው የታክሲ ሰልፍ ነው፤ የፊተኛው ሳይገባ የኋላው አይገባም። አንድ ፓኬት ከጠፋ፣ እንደገና ተልኮ እስኪመጣ ድረስ ከኋላው የደረሱት ሁሉ ይጠብቃሉ። ዩዲፒ ግን የጠፋውን ትቶ የደረሰውን ያስረክባል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲዘረጋ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘውን ወረዳኔትን እንውሰድ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ መልእክት ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የጠፋ የድምፅ ቁራጭ በቲሲፒ እስኪተካ ብንጠብቅ ንግግሩ ይቆማል፤ በዩዲፒ ለአፍታ ቆረጥ ብሎ ይቀጥላል። የበጀት ሰነድ ከሆነ ግን አንድ አሃዝ ቢጎድል ጉድ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉው ይምጣ።

ስለዚህ ፕሮግራም ስንጽፍ መጀመሪያ «ዘግይቶ የመጣ መረጃ ይጠቅመኛል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የሚጠቅም ከሆነ ቲሲፒ፣ ካልሆነ ዩዲፒ። ዩዲፒን የመረጠ ሰው ግን የጠፋውን መለየትና መስመሩን አለማጨናነቅ የራሱ ሥራ መሆኑን አይርሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ የወጣለት ኩዊክ ይህንኑ ሥራ ከዩዲፒ በላይ ሆኖ ይሠራል።