መሪ የሌለው ታክሲና የሾፌሩ አንጎል

ከሲልቬራዶ ራንች ጎዳና ተነስቶ በላስ ቬጋስ ቡሌቫርድ ሽቅብ ወደ ሆቴሎቹ የሚነዳ ሐበሻ የታክሲ ሾፌር አሁን አዲስ ተፎካካሪ አለው። የአማዞን ንብረት የሆነው ዙክስ፣ መሪም ፔዳልም የሌላትን ሮቦት ታክሲ ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። እንዲህ ያለች መኪና እግረኛውን ከምሰሶው የምትለየው በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ነው። መነሻው የሾፌሩ አንጎል ነው ይባላል፤ ብድሩ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም።

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት ከማጅራት በላይ ባለውና እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው ንዑስ አንጎል ውስጥ ነው። ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ቢገባ፣ ዓይን ያየው በአንጎል የኋላ ክፍል ይተረጎማል፤ ትእዛዙም በህብለ ሰረሰር በኩል እግር ይደርሳል። በፈጣኖቹ ነርቮች መልእክት በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይጓዛል። ያም ሆኖ ፍሬን እስኪረገጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በሰዓት 45 ማይል ለሚሄድ መኪና ይህ 20 ሜትር ነው።

በ1943 ተመራማሪዎቹ ማካሎክና ፒትስ የነርቭ ሴልን በሒሳብ ቀመር ገለጹ፤ በ1958 ሮዘንብላት ከምሳሌ የሚማረውን ፐርሴፕትሮን አስተዋወቀ። እውነተኛው ብድር የመጣው ግን ከድመት ነው። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ሁቤልና ዊዝል የድመት አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ከትተው ለድመቷ ነጥቦች ቢያሳዩ ሴሉ ዝም አለ። የመስታወቱን ስላይድ ሲቀይሩ የጠርዙ ጥላ በስክሪኑ ላይ አለፈና ሴሉ ተንጫጫ፤ ለካ የሚጠብቀው የተወሰነ ዝንባሌ ያለው መስመር ኖሯል። ከመስመር ወደ ቅርጽ፣ ከቅርጽ ወደ ሙሉ ነገር የሚለውን ይህን ቅደም ተከተል ተመራማሪዎቹ ፉኩሺማ በ1980፣ ለካን ደግሞ በ1989 ወደ ኮምፒውተር አመጡት።

አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶ/ር ትምኒት ገብሩ ከስታንፎርድ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያለው መረብ ከ200 የአሜሪካ ከተሞች የተነሱ 50 ሚሊዮን ፎቶዎችን አይቶ የመኪኖቹን ሞዴል ለየ፤ ከዚያም የነዋሪውን የምርጫ ዝንባሌ ገመተ። በቀጣዩ ዓመት ከተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር የፊት መለያ ሥርዓቶችን ሲፈትሹ፣ ጥቁር ሴቶችን ወንድ ወይም ሴት ብሎ በመለየት ረገድ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ፤ በነጭ ወንዶች ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች ነበር። መረቡ የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ የመረቡና የአንጎል መንገድ ይለያያል። መረቡ የሚማረው ስህተቱን ከመጨረሻው ንብርብር ወደ ኋላ እያሰላ ነው፤ ሳይንቲስቱ ፍራንሲስ ክሪክ በ1989 አንጎል እንዲህ ይሠራል ብሎ ማሰብ እንደሚከብድ ጽፎ ነበር። የአንጎል መማር አካሉን ራሱን ይለውጣል። የአንጎል ተመራማሪዋ ኤልነር ማጓየር በ2000 የለንደን ታክሲ ሾፌሮችን አንጎል ብትመረምር፣ መንገድ የሚታወስበት የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ አገኘችው። በ2011 በወጣው ክትትል ደግሞ ለውጡ የታየው ለታክሲ ፈቃድ የሚሰጠውን የመንገድ ፈተና ባለፉት ላይ ብቻ ነው። አንጎል ይህን ሁሉ የሚሠራው በ20 ዋት ገደማ ኃይል ነው።

ሌሊቱ ሲገፋ ግን ብልጫው እንቅልፍ ወደማያስፈልጋት ሮቦት ያደላል። ሂፖካምፐስ የቀኑን ትውስታ አደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ደግሞ ሾፌሩን ያንኑ እንቅልፍ ይነጥቀዋል።