ጎረቤት እየሰማ… እንዳልሰማ?

አዲስ አበባን ሰፈር ለሰፈር የዞረ ሰው እሪ በከንቱ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ፒያሳ ግድም ነው። ድሮ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሌባ ሲዘርፈው እሪ ቢልም ደራሽ ስለማያገኝ ነው ስሙ የወጣው ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌባ አይደለም። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን በምንኖርባቸው መንደሮች ሁሉም እየሰማ፣ ሁሉም እንዳልሰማ ስለሚያልፈው እሪታ ነው።

እስቲ ጨርቆስን ወይም አብነትን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባዶ ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማል። ቀጥሎ የጋራ ሽንት ቤቱ በር ይንቋቋል። ማን ገባ፣ ማን ቆየ፣ ማንን ሆዱን አመመው… መንደሩ ያውቃል። ረፋዱ ላይ "ልዋጭ!" ባዩ ይመጣል፣ "ቁራሌው!" የሚለው ይከተለዋል። የጉልት እናቶች ቲማቲምና ሽንኩርታቸውን በመደብ በመደብ ይደረድራሉ። አንዷ ደጃፏ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ሌላዋ ጀበናዋን ጥዳለች፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰኞ ማክሰኞና ብይ ይጀምራሉ። መንገዱ ሳሎን ነው፤ ኩሽናም ነው፤ ልብስ ማስጫም ነው። በአንዲት ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚያድር ሰው ታዲያ የት ይዋል?

ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በሐምሌ 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ወደ ቀበሌ የገቡ ናቸው። አንዱ ቤት በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ የሆነበትም አለ። ኮርኒሱ የጋራ ስለሆነ አይጧ እንኳ እዚህ ቤት በልታ እዚያ ቤት ታድራለች። ስለዚህ ሳሉም ይሰማል፣ ሬዲዮውም ይሰማል፣ ሌላውም ይሰማል (ባለትዳሮች ይገባችኋል)።

እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል? እንዳልሰሙ በመሆን ነዋ! በመንደር ጨዋ የሚባለው ሰው ማታ የሰማውን ጠዋት የማያነሳ ነው። ባልና ሚስት ሲነታረኩ አድረው፣ ሚስት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ "እንዴት አደርሽ?" "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብሎ ማለፍ ነው። እኔ ይሄን ልማድ አልንቀውም። ያለ እሱ አንድ ሳምንት እንኳ አብረን መክረም አንችልም። የዚህኛው ማጣት፣ የዚያኛው ስካር፣ የልጆቹ ምሳ ሳይበሉ መዋል… ገበናችንን የሸፈነልን ያ ስስ ግድግዳ ሳይሆን የጎረቤት ዝምታ ነው።

ችግሩ ያው ዝምታ ዱላንም ሲሸፍን ነው።

አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ባሏ ሲደበድባት ከዱላው ይልቅ ያንገበገባት፣ እሷ ስትጮህ ጎረቤቷ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ማድረጉ ነበር። ሰምቷል ማለት ነው! ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ያላትም እሱው ነው።

በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከ100 ውስጥ 34ቱ ከባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣና ለመሳሰለው ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች ከ100 ውስጥ 63 ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ግን 28 ናቸው። ወይ ጉድ! ለካ "ቻይው እንጂ ልጄ" የምንባባለው እኛው ነን።

ታዲያ ጎረቤት ምን ያድርግ? የድሮ እናቶች መላ አላቸው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ድብደባው ሲሰማ እማማ ኩባያቸውን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። "ልጄ፣ ጨው አልቆብኝ ነው።" በዚያ ሰዓት ማንም ወጥ አይሠራም፤ ባልየውም ያውቃል፣ ሚስትየዋም ታውቃለች። ግን እጁን ያነሳ ሰው ለእናት በር መክፈት አለበት፤ ጨው እስኪፈለግ ንዴቱ ይበርዳል። ጎረምሶች ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ወርውረው ባልየው "ማነው?!" እያለ እንዲወጣ ያደርጋሉ። "የእድር ጉዳይ ነው" ብለው ሁለት ሦስት አባወራዎች ቢያንኳኩም ይሠራል። ወጣት ወንድ ብቻውን ባይገባ ይሻላል፤ ቅናት ተጨምሮበት እዳው ለእሷ ይተርፋል። ባልየው ፊት "መታሽ እንዴ?" ብሎ መጠየቅም አይረባም። ነገ ከቤት ሲወጣ፣ ለብቻዋ!

ጨው የማያበርደው ግን አለ። ቢላ ከተነሳ፣ አንገት ከታነቀ ወይም ነፍሰ ጡር ሆድ ከተመታ ሽምግልና የለም፤ ፖሊስ ነው የሚጠራው። "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው" ለሚላችሁ፣ በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን ደንግጓል በሉት። ሳይፈርሙ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ድርጅት ነው። አንቺ እህቴ ደግሞ የመታወቂያሽንና የልጆችሽን የልደት ወረቀት ኮፒ፣ ከትንሽ ብር ጋር፣ እምነት የምትጥይባት ጎረቤት ዘንድ አስቀምጪ። ሌሊት የሚወጣ ሰው ሻንጣ ለመፈለግ ጊዜ የለውም።

እነዚህ መንደሮች ግን እየሄዱ ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ተከተለ፣ ከነዋሪው ብዙው ኮንዶሚኒየም ገባ። ቤቱ ሽንት ቤት አለው፣ በሩም ይቆለፋል፤ ማንም ቢሆን በዚህ አይከፋም። ግድግዳው ብሎኬት ነውና ሳል አያሳልፍም። ኮሪደሩ ላይ በርበሬ የምትቀነጥስ የለችም። አራተኛ ፎቅ ላይ ማታ 4 ሰዓት ጨው ልበደር ብላችሁ ብታንኳኩ ዘበኛ ይጠራባችኋል፤ ማን መሆናችሁን ማን ያውቃል? ስለዚህ አዲስ የገባችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላችሁ ቡና አፍሉና የፎቁን ሰዎች ጥሩ። ቢያንስ የፊት ለፊቷን ሴት ስልክ ያዙ፣ የእናንተንም ስጧት።